ከበሩ ኋላ የተሰቀለው ጃንጥላ

ባለቤቴ ኅሩይ ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ጥቁር ጃንጥላ አወረደና፣ «ይሄ ስብርባሪ አሁንም ቤታችን ውስጥ ምን ይሠራል? ልጣለው» አለኝ።

«ጣለውና እንተያያለን!» ብዬ ነጠቅኩት።

ምን ያድርግ፣ አያውቅም። ዐቃቤ ሕግ የነበረ ሰው ጠበቃ ልሁን ካለ፣ የያዛቸው ክሶች በሙሉ ከጭንቅላቱ እንዲጠፉ ሕጉ ያዝዛል። ኅሩይ የባንክ አጭበርባሪዎችን ሲከስስ ኖሮ፣ በስተኋላ ለእነሱ ልቁምላቸው አለ። «አንቺ እያለሽልኝ ምን ይጠፋኛል?» ብሎኝ ፈረመ። ሐኪሞችም ትዝታውን አጠፉለት።

እኔ ከእነዚያ ክሶች በአንዱ ምስክር ነበርኩ። መስክሬ ስወጣ ዶፍ ይጥል ነበር፤ ጃንጥላውን ለእኔ ሰጥቶ እሱ እየበሰበሰ ሸኘኝ። ያም ከክሱ ጋር አብሮ ጠፋ። ፍርድ ቤት እንደተዋወቅን ነግሬዋለሁ። የጃንጥላውን ነገር ግን አንድ ቀን ራሱ ያስታውሰው ይሆናል እያልኩ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ዝም አልኩ።

አሁን ነገርኩት። እጆቹን አጣምሮ አዳመጠኝና፣ ችሎት የቆመ ይመስል በመስቀለኛ ጥያቄ ያጣድፈኝ ጀመር።

«እስከ ታክሲው ድረስ ነው የሸኘሁሽ?»

«እስከ ቤቴ በር። በእግራችን።»

«ምን አወራን?»

«ምንም። አፍረህ ነበር።»

«እኔ? አፍሬ?» አለና ሳቅ አለ። «ይህን የሚመሰክርልሽ ሌላ ሰው አለ?»

«ነበረ» አልኩት፤ «አንተ።»

ሳቁን ተወው። ጃንጥላውን ተቀብሎኝ ወደ ቦታው መለሰው፤ ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ፣ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው።