«ዓይንሽን ወደ እኔ» ያለው ፎቶ አንሺ

የልጅ ልጄ ፀጋ ዘንድሮ በጥር ተዳረች። እሰይ በሉ! ግን ሠርጉ እስኪያልፍ ድረስ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

አምና አንድ ጊዜ ታጭታ ነበር። ጌሾው ተወቅጦ፣ ጠላው ተጠንስሶ፣ ሽማግሎች ዘር ሲቆጥሩ ልጁ በስድስተኛው ቤት ዘመዳችን ሆኖ ተገኘ። ሰባት ቤት ካልሞላ መጋባት የለም፤ ፈረሰ። ፀጋ አንድ ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም። ዘንድሮ ዳኛቸው የሚባል ጨዋ ልጅ፣ ዘሩ ተቆጥሮ የጠራ፣ ሲመጣልን ስለት ተሳልኩ። ይህኛው ሠርግ በምንም፣ በማንም እንዳይፈርስብኝ።

እንግዲህ ፎቶ አንሺ ያስፈልጋል ተባለ። በኛ ጊዜ ተዳረች ከተባለ ሰው ያምን ነበር፤ ዛሬ በፎቶ ካልታየ አይታመንም መሰለኝ። ከደብረ ታቦር ይሻው የሚባል ሰው አመጡ። ወደ አርባ የተጠጋ፣ ረጅም፣ ጣቱ ላይ ቀለበት የሌለው። አዎ አየሁ። ልጃገረድ ያለበት ቤት ቀለበት ይታያል።

ደብተሩን አውጥቶ ቀኑን ይደለድል ጀመር።

«ጠዋት ሙሽራዋ ስትለብስ አነሣለሁ፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፤ ከሰዓት ደግሞ ጋፋት፣ የገለባው ክምር ጋ።»

«ገለባ? የኔ ጓሮ ገለባ ምን ሆነ?» አልኩት።

«እማማ፣ የጋፋት ፀሐይ ታምራለች።»

«እዚህ የምትወጣው ሌላ ናት?»

ሳቀ። ከዚያ ፀጋን ለሙከራ ብሎ ደጅ አቆማት። አገጯን በጣቱ ቀና አድርጎ፣ «ዓይንሽን ወደ እኔ! ፈገግ በይልኝ! እንዲያ፣ የኔ ቆንጆ!» አይላት መሰላችሁ?

ክው አልኩ። የታጨችን ልጅ! ለሠርጓ ሁለት ሳምንት የቀራትን ልጅ!

የፀጋ እናት በድግሱ ተወጥራለች፤ ስለዚህ ታናሽ ልጄን ወርቅነሽን ጠራኋት። ወርቅነሽ የፀጋ አክስት መሆኗ ነው። ባሏን ከፈታች ስድስት ዓመቷ። ወፍጮ ቤት ነው የምትሠራው፤ ከሞተሩ በላይ ስትጮህ ኖራ ሹክ ስትል እንኳ ጎረቤት ይሰማል። ወንድ አይደፍራትም።

«ይህን ሰውዬ ከዓይንሽ እንዳታጠፊው» አልኳት። «ፀጋ ጋ ሲጠጋ መሐል ግቢ። የሄደበት ሂጂ።»

«እኔ የወንድ እረኛ ነኝ?»

«እስከ ሠርጉ ድረስ ነሽ።»

እያጉረመረመች ሄደች። በማግሥቱ ጋፋትን አይቼ ልምጣ ብሎ ባጃጅ ሲሳፈር፣ ጎኑ ገብታ ቁጭ አለች። ስትመለስ ቀሚሷ ገለባ በገለባ ሆኗል።

«ሙሽራዋ የምትቆምበት ላይ እኔን ገትሮ ብርሃን ይለካል» አለች። «ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፤ ነዝናዛ! አንተ ራስህ ወደ ግራ ሂድ አልኩት።»

«ጎሽ!»

«ፀሐይዋ አምልጣው ነገም ይሄዳል። እንግዲህ እኔም ልሂድ፤ ምን አደርጋለሁ።»

ሦስት ቀን ሄዱ። ሦስቱንም ቀን ፀጋ ከኔ ጋር በሰላም በርበሬ ስትቀነጥስ ዋለች። ጥበቃዬ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ብቻውን መጣ። ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ደብተሩን ገልጦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ለቤተ ዘመድ ፎቶ ሰዉን በየቅርበቱ ላቁመው ብዬ ነው። ዘርዎን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩልኛል? በአንቱም፣ በባለቤትዎም በኩል።»

እኔ ደግሞ ዘር ቁጠሪ ካሉኝ የሚያቆመኝ የለም። ሁሉንም ቆጠርኩለት። እሱ ይጽፋል። ስጨርስ፣ «የፀጋ አባት ወገንስ?» አልኩት።

«እሱ ይቅር» ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

የነቃሁት ከሄደ በኋላ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ፎቶ ይነሣል እንዴ? ሰባት ቤት የሚያስቆጥር ሊያገባ ያሰበ ነው! ፀጋዬን ሊያስኮበልልብኝ ነው! ደግሞ ግማሹን ብቻ ቆጥሮ መሄዱ፣ ሰነፍ!

«ወርቅነሽ» አልኳት፤ «በሠርጉ ቀን ከጎኑ ስንዝር እንዳትርቂ።»

«እሺ፣ እማዬ» አለች።

ወርቅነሽ ተወልዳ እሺ ብላኝ አታውቅም። ነገሩ እሷንም አስፈርቷታል አልኩ።

የሠርጉ ዕለት ኩሏን ተኩላ፣ የሰውዬውን መብራት ተሸክማ፣ ከኋላ ከኋላው ስትል ዋለች። እሱ «ዓይንሽን ወደ እኔ» ባለ ቁጥር እኔ ደረቴን እደቃለሁ። ቃል ኪዳኑ ተፈጸመ፤ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ፤ ፀጋና ዳኛቸው በሰላም ሄዱ። እፎይ!

ፎቶው ሲመጣ አገላብጬ አየሁት። በየፎቶው ጥግ ወርቅነሽ አለች። ጥበቃ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ጉንጯን ሳምኳት። አንገቷን ደፋች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሽማግሎች ደጄ መጥተው ቆሙ። ከፊት የደብራችን መሪጌታ ገብረኪዳን ናቸው። ከአጥሩ ሥር ደግሞ ይሻው፤ ካሜራ የለው፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ።

ይህን የሚለው ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ስንቱን አስተናግጃለሁ። ብድግ አልኩ።

«መሪጌታ፣ ነውር ነው! ልጅቱ ባል አላት! የዚህን ሰውዬ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ነው የነቃሁበት! ከጠዋት እስከ ማታ ጠባቂ ያቆምኩባት ለዚሁ ነበር!»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ።

«እኛስ የመጣነው ለጠባቂዋ ነው።»