ሰምቶ የተኛው በር

ኢንጂነሯ ቁልፉን ትጫናለች። ከበሩ ጎን ያለችው አረንጓዴ መብራት ቦግ ትላለች፤ «ሰምቻለሁ» ማለቷ ነው። በሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

ደግማ ትጫናለች። ሦስተኛም፣ አራተኛም። መብራቷ እንደበራች፣ በሩ እንደተዘጋ።

«ገና ምኑን አየሽና!» ይላሉ መጋዘን ጠባቂዋ ከኋላዋ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው። «እኔ ባለፈው አርባ ጊዜ ነው የተጫንኩት። በጓንት ስለሚጫኑ ነው አልሽኝ። ይኸው፣ ያንቺ ጣት ባዶውን ነው።»

«እስቲ እኔው ልይልዎት» ብላ ነው ዛሬ የመጣችው፤ በሩም ገና ከኋላቸው እንደተዘጋ በዚያው ቀረ። የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍል ነው፤ ከዜሮ በታች ሀያ ዲግሪ። በወፍራሙ ግድግዳ የስልክ ኔትወርክ አያልፍም። በእጅ የሚከፈተው እጀታ ከተሰበረ ወር አልፎታል። እስከ ዛሬ በሩ እንዲህ እምቢ ሲል ከውጭ ያለውን ሌላ ቁልፍ እየተጫነ የሚያወጣቸው የዓሣ መኪናው ሾፌር ነበር፤ እሱ ደግሞ ጭኖ ወጥቷል፣ ፈጠነ ቢባል ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው የሚመለሰው። የሴትዮዋ ከንፈር ከአሁኑ ጠቁሯል። ሦስት ሰዓት አይችሉም።

በሩን የሚያዘውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷው ናት። ያውም በማሽኑ በራሱ ቋንቋ፣ አንድ እርምጃ ሳይቀር እየቆጠረች። ሠራተኛው ቁልፉን ሲደበድበው ጊዜ፣ «መብራቱ አንዴ ከበራ ቁልፉን ደግመህ አትስማ» ብላ ያዘዘችውም እሷው።

ዓይኗን ጨፍና መስመሮቹን በልቧ ትወርዳለች። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያያል፦ የተመዘገበ ጥሪ አለ? ከሌለ ወደ ሲስተሙ ዞሮ «አስተኛኝ፤ ጥሪ ሲመጣ ቀስቅሰኝ» ይላል። ጥሪ ሲመጣም የያዘውን ጥሎ ይነሳል፣ መብራቱን ያበራል፣ ጥሪውን ይመዘግባል፣ ከዚያ ወደነበረበት ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሺህ ጊዜ ሞክራዋለች።

ወደነበረበት ይመለሳል።

ቆይ እስቲ። ጥሪው የመጣው ካየ በኋላ፣ ግን ሳይተኛ ቢሆንስ? ከፀጉር የቀጠነች ክፍተት ናት፤ ግን አለች። አይቶ «ማንም የለም» ብሏል። ጥሪው ይመጣል፣ ይመዘገባል፣ መብራቱ ይበራል። እሱም ወደነበረበት ይመለሳል፤ የነበረበት ደግሞ የአልጋው ጫፍ ነው። ጋደም ይላል። ጥሪው አንዴ መጥቶ አልፏል፤ ከእንግዲህ ማን ይቀስቅሰው?

«እትዬ» ትላለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ተኝቷል። ሰምቶን ነው የተኛው።»

«ማ?»

«ፕሮግራሙ። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የእርስዎ ጣት አይደለም።»

«ተመስገን! እኔ እኮ እርጅናው ጣቴ ላይ ወጣ ብዬ ነበር።»

ሌላ የሚሰማው ምን አለ? ቀና ስትል ከማራገቢያው ሥር በሽቦ የተንጠለጠለችውን የሙቀት መለኪያ ታያለች። ክፍሉ ከልክ በላይ ሲሞቅ እሷም ትጣራለች። በማንም ጥሪ ይሁን፣ አንዴ ከነቃ እንደገና ያያል፤ ካየ ደግሞ የእነሱን ጥሪ ተመዝግቦ ያገኘዋል። ሽቦውን ስባ ጫፉን በመዳፏ ትጨብጠዋለች። መዳፏ ግን እንጨት ሆኗል፤ ትንፋሿም ገና ሳይደርስ ይበርዳል።

«ወዲህ አምጪው» ይላሉ መጋዘን ጠባቂዋ፤ የካፖርታቸውን አንገት ፈተው ጫፉን ብብታቸው ውስጥ ይከቱታል። «ውይ! ውይ ውይ! የአምስት ልጅ ትኩሳት ለክቻለሁ፣ በረዶ ብብቴ ስከት ግን ገና ዛሬ ነው!»

ኢንጂነሯ ከኋላ ታቅፋቸዋለች። ትከሻቸው እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። ከዚያ መርገፍገፉ እየቀነሰ ይመጣል፤ ይህ ይበልጥ ያስፈራታል።

«እትዬ፣ ያዋሩኝ። እንዳይተኙብኝ።»

«እኔ ልተኛ? የፋብሪካ በር ጠባቂ ነበርኩ እኮ። በቀዳዳው አያለሁ፤ ሰው ከሌለ ወደ ወንበሬ። መንገድ ላይ እያለሁ ከተንኳኳ ግን... አልቀመጥም። ተመልሼ ከቀዳዳው እጀምራለሁ። አንዴ ከተቀመጥኩማ ማን ያነሳኛል!»

ኢንጂነሯ ውርጭ በሸፈነው ግድግዳ ላይ በጥፍሯ ትጭራለች፦ ቀዳዳ፣ መንገድ፣ ወንበር። ከመንገዱም ወደ ቀዳዳው የሚመለስ አንድ ቀስት። ፕሮግራሙ ጥሪ በተቀበለ ቁጥር አስቀድሞ «የት ደርሼ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። መንገድ ላይ ከነበረ፣ ወደነበረበት ሳይሆን ወደ ማየቱ ይመለስ። ጥቂት መስመር ናት። ይህችው በመጉደሏ ነው እኚህ ሴት እቅፏ ውስጥ እየከበዱ ያሉት።

«እትዬ? እትዬ!»

ቀጭ ይላል አንድ ነገር። በሩ እያጓራ ይንሸራተታል፤ የቀን ብርሃን ከነሙቀቱ ፊታቸው ላይ ይፈሳል።

ደግፋ ታወጣቸዋለች። ደጅ፣ ፀሐይ የመታው ግድግዳ ሥር ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ። መጋዘን ጠባቂዋ አንዱ ላይ ዘፍ ብለው ረጅም ትንፋሽ ይስባሉ። ጉንጫቸው ቀስ እያለ ይቀላል።

«እትዬ፣ በሩ አይሰማም ብለው መጀመሪያ የነገሩኝ መቼ ነበር?»

«ሦስት ወር ይሆነዋል። ‹እሺ፣ ሰምቻለሁ እትዬ› አልሽኝ። ከዚያ ሥራ በዛብሽ መሰለኝ።» ያለ ምንም ቅያሜ ነው የሚሉት። ሁለተኛውን ወንበር ወደ እሷ ይገፉላታል። «ነይ፣ ቁጭ በይ ልጄ። ትንሽ ሙቂ።»

ኢንጂነሯ ወደ ወንበሩ ሁለት እርምጃ ትራመዳለች። ሦስተኛው ላይ ትቆማለች፤ ዞር ብላም ወደ በሩ ትመለሳለች።