ጫካ የቀረው ወታደር

«ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ መስጠት» ትላለች ዘውድነሽ፣ ካርዱን ወደ አምፖሉ አዘንብላ።

«ተሸናፊው ወገን ምንም ሳይደራደር፣ አሸናፊው ያለውን ሁሉ ሲቀበል ነው።»

«ጎሽ የኔ ልጅ።»

ማርቲ ፊቷ እንዳይታይ ጀርባዋን ለመብራቱ ሰጥታ ተቀምጣለች። አዛኑ ካበቃ ቆይቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ባጃጆች አስፋልቱ ላይ መንጫጫት ጀምረዋል። ሲነጋ አጎቷ ልዑልሰገድ ከዕድሩ ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ለእናቷ መርዶ ሊያረዳ ይመጣል።

ለእሷ ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ጠብቆ ነግሯታል። ወንድሟ ኃይለየሱስ ሞቷል። የሞተው ሰሜን፣ የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ፣ ወሬው ያልደረሰው ምሽግ ውስጥ ነው። አብሮት የነበረ ልጅ ሆስፒታል ከርሞ ገና አሁን አዳማ ገብቶ ተናገረ። «እስክንመጣ እንዳታውቅ» አላት አጎቷ። «ብቻዋን ሆና እንዳትሰማው። አደራ፣ ማርቲ።» ከዚያ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ሌሊቱን አልተኛችም። እናቷ ገና ሳይነጋ ገብታ «ከነቃሽ እናጥና» ስትላት እፎይ አለች። ጥናት ላይ ሌላ ነገር አይወራም።

ካርዶቹን የሠራቻቸው ራሷ ናት። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ቁልፍ ቃላት፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፣ እናቷ እንድትጠይቃት ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ መልሳቸዋለች። ዘውድነሽ ግን ፈተናውን ከረሳችው ቆይታለች። ልጇ የሄደበትን አገር ቋንቋ እንደሚማር ሰው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ከንፈሯ ላይ እያንከባለለች ትይዛቸዋለች።

«ተኩስ አቁም።»

«ሁለቱ ወገኖች ውጊያ ለማቆም የሚያደርጉት ስምምነት ነው። ትእዛዙ እያንዳንዱ ግንባር ድረስ መድረስ አለበት።»

«ያልደረሰውስ?»

ከዚህ ጥያቄ ቀጥሎ ሁልጊዜ ተራው የጃፓኑ ነው። ጦርነቱ ማብቃቱን አላምንም ብሎ፣ ደሴት ላይ ጫካ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለቆየ አንድ ጃፓናዊ ወታደር አስተማሪዋ ነግሯቸው ነበር። ማርቲ ይህን ለእናቷ ያወራችላት ቀን ዘውድነሽ የምትልጠውን ሽንኩርት አስቀምጣ «አለ በይኛ!» አለች፤ ማን እንዳለ ግን አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ጥናታቸው ጃፓኑ ከጫካ ሳይወጣ አልቆ አያውቅም። «እናቱ ጠበቀችው?» ትላለች በየጊዜው። ማርቲ አታውቅም። «ጠበቀችው» ትላታለች።

«ያልደረሰውማ» ትጀምራለች ማርቲ፣ ድምፅዋ እንዳይሰበር ቀስ ብላ፣ «አንድ ጃፓን ነበረ—»

«ተዪው። ዛሬ ጃፓኑ ይቅር።»

ዘውድነሽ ካርዶቹን ጠርዝ ለጠርዝ ታስተካክልና ጭኗ ላይ ታኖራቸዋለች።

«ሰሊማ ትናንት ማታ የመጋዘኑን ቁልፍ ጠየቀችኝ።»

የዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚና ድስት የሚቀመጠው ከቤታቸው ጀርባ ባለው ክፍል ነው። ቁልፉ ከዘውድነሽ ማተብ ጋር አንገቷ ላይ ይውላል፣ ያድራል። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ለማን እንደሆነ ሳይነገራት ድንኳን ወጥቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚይዛት ሁሉ ተማክረዋል። ድንኳኑ ያለው እሷ ዘንድ መሆኑን ያስታወሱት ከመሸ ነው፤ ጎረቤቷን ሰሊማን ላኩ።

«ለማን ነው አልኳት። ‹ቡልቡላ ላለ ዘመድ› አለችኝ። የኛ ድንኳን ከመቼ ወዲህ ነው ቡልቡላ ድረስ የሚሄደው?» ፈገግ ልትል ትሞክራለች። «እሷ ደግሞ ውሸት አታውቅበት። ዓይኗን ጫማዬ ላይ ተከለችው። ‹ጠዋት ነይ› ስላት አቅፋኝ ሄደች። ማርቲዬ፣ ቁልፍ ፍለጋ የመጣ ሰው ያቅፋል?»

«እማ—»

«አንቺ ምንም አትበይ። አደራ ብለውሻል።»

ትነሣለች። ቁልፉን ከአንገቷ ስታወጣ ክሩ ፀጉሯ ላይ ይያዛል፤ ማርቲ ቀርባ ታላቅቅላታለች። የእናቷ አንገት እንደ እሳት ይፋጃል።

«ነይ አግዢኝ። ሸራው ለአንድ ሰው አይቻልም።»

ጎህ ቀዷል። ድንኳኑን ከመጋዘኑ እየጎተቱ አውጥተው ግቢው መሃል ይዘረጉታል። አቧራና የቆየ የወጥ ሽታ ይወጣዋል። አንዱ ጥግ ላይ ገመዱ ተበጥሶ ነበር፤ ከመሄዱ በፊት ኃይለየሱስ ነው የቋጠረው። ዘውድነሽ ቋጠሮውን ታየውና ወደ ሌላው ጥግ ትሄዳለች። ነጠላዋን አውልቃ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ትለብሰዋለች።

የግቢው በር ሲከፈት የዕድሩ ዳኛ አቶ አምባዬ ከፊት፣ ልዑልሰገድ ከኋላው፣ ሰሊማ ከሁሉም በስተኋላ ናቸው። አቶ አምባዬ ሊናገር አፉን ይከፍታል፤ መሬት ላይ የተዘረጋውን ሸራ ያይና ባርኔጣውን ያወልቃል።

«ልዑሌ» ትላለች ዘውድነሽ፣ እሷና ማርቲ የሸራውን ሁለት ጫፍ እንደያዙ። «ወሬው ደርሶት ነበር?»

ልዑልሰገድ ወደ ማርቲ ያያል። ማርቲ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እኔ አልነገርኳትም ማለቷ ነው።

ሰሊማ በመካከላቸው አልፋ፣ ጎንበስ ብላ ሦስተኛውን ጫፍ ታነሣለች። ሦስቱ ሴቶች ሸራውን ወጥረው ይቆማሉ። የተቋጠረው ጥግ መሬት ላይ ነው፤ ማንም አይነካውም።