በቆዳ ፋቂዋ ቤት የተጠጣ ውሃ

ፖሊሱ ቆዳ ፋቂዋን ሱኽያን ውሃ አስቀዳትና የሸክላ ኩባያውን በዱላው ጫፍ ወንድሟ ነው ወደተባለው ባይድያናት ገፋው። "በል ጠጣ! ወንድሟ ከሆንክ ምን ያስፈራሃል? እኛ የምንፈልገው ሰውዬ ከላይኛው ዘር የሆነ ብራህማን ነው። በጥም ይሞታል እንጂ ቆዳ ፋቂ የቀዳችውን አይቀምስም።" ፖሊሱ ራሱም እንዳይረክስ ከበሩ ደፍ ወዲያ ነበር የቆመው።

ባይድያናት "እንግሊዝ ከአገራችን ይውጣ!" ብሎ ሕዝቡን ካስነሳ ወዲህ በባልቴቷ በሱኽያ ጎጆ ተሸሽጎ ሰንብቷል። የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው እያለ በየአደባባዩ የሚሰብክ ሶሻሊስት ነበር። ሆኖም እዚህ ከገባ ጀምሮ የራሱን ቆሎ እየቆረጠመ፣ ውሃም ከወንዝ እየጠጣ ከረመ እንጂ ከሱኽያ እጅ ምንም አልቀመሰም። እሷም ይህን አይታለች። አሁን ኩባያውን አነሳ። ልጅ ሳለ እናቱ "ቆዳ ፋቂዎችን እንዳትነካቸው!" የምትለው በጆሮው መጣበትና ኩባያውን ከከንፈሩ ሳያደርስ ቆመ። ፖሊሱ ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም።

"ምነው ወንድሜ፣ ዛሬ ደግሞ ጠላ አማረህ እንዴ?" አለች ሱኽያ እየሳቀች። ጣቶቿ ግን የነጠላዋን ጫፍ ጨምድደው ይዘው ነበር። ባይድያናት ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው። ፖሊሱ ምራቁን እንትፍ ብሎ ወደሚቀጥለው ጎጆ አለፈ።

ኮቴው እስኪርቅ ጠበቁ። ከዚያ ሱኽያ ኩባያውን ወስዳ እንደገና ሞላችውና ፊቱ አስቀመጠችው። "የቅድሙን ለፖሊሱ ብለው ነው የጠጡት፣ ጌታዬ" አለችው ቀስ ብላ። "አሁን ሄዷል።"

ባይድያናት ኩባያውን በሁለት እጁ አነሳ። "ጠምቶኛል፣ እህቴ" አላት።