ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የኤችአይቪ መመርመሪያውን ካርቶን አገላብጣ አየች። ጊዜው ሊያልፍ ገና ስድስት ወር ይቀረዋል። ውስጡ ያለው የፈሳሽ ብልቃጥ ግን ጊዜው ካለፈ ሦስት ወሩ ነው።

«ጋሽ ሽብሩ፣ አሮጌውን ብልቃጥ አዲሱ ካርቶን ውስጥ ማን ከተተው?»

«መደርደሪያው ሲጣበብብኝ እኔው ነኝ ልጄ» አሉ ዕቃ ግምጃ ቤቱን የያዙት ሽማግሌ። «ካርቶኑ ላይ ቀኑን አይቻለሁ እኮ!»

«ወይኔ! ስንቱን ሰው ነፃ ነህ ብዬ ሰደድኩት!»

መዝገቡን ይዛ ስልክ ላይ ተጣደች። «እባክዎ ዛሬውኑ ይምጡ፣ ምርመራው ይደገማል» እያለች አርባ ሰው ጠራች። አንዲት ነፍሰ ጡር ስልኩ ላይ አለቀሰችባት።

አንድ ስም ግን ደጋግማ ዘለለች፤ ከሰርጉ በፊት ቤተ ክርስቲያን የጠየቀችውን ወረቀት ሊያወጣ የተመረመረ ሰው ነው። እሱ ብቻ ሲቀር፣ ቁጥሩን ከመዝገቡ ሳታይ ደወለች።

«ወዬ፣ ሙሽራዬ!» አላት።