የእማማ አበራሽ ጥርጣሬ

«ስገባ ዝም ይላሉ» አሉ እማማ አበራሽ። «ሳሎን ተሰብስበው ሲንሾካሾኩ ይቆዩና እኔ ብቅ ስል ወሬው ይቆረጣል። ስልኬንም ተበላሽቷል ብለው ወስደውብኛል። ንገራት ልጄ፣ አንድም ሳታስቀር ንገራት።»

ጥሩነህ አንድም ሳያስቀር በእንግሊዝኛ ለአእምሮ ሐኪሟ ለዶክተር ማያ ነገራት። እማማ ከጠዋት ጀምሮ አምስተኛ ታካሚው ናቸው። ጉሮሮው ደርቋል፤ ከዚህ ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ ከስካርቦሮ፣ ምዕራብ ጫፍ ኢቶቢኮ ያለው ቤቱ ድረስ የሚጠብቀው አውቶቡስ ገና ሳይሳፈረው ታክቶታል። አስተርጓሚ ሲሆን የፈረመው ደንብ አጭር ነው፦ ክፍሉ ውስጥ የተነገረ ሁሉ ይተረጎማል፣ ያልተነገረ አይጨመርም። አንዴ አዝኖ ትንሽ ቢጨምር ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ከዚያ ወዲህ አፉን ብቻ ይዞ ነው ሥራ የሚመጣው።

ዶክተር ማያ ጻፈች። ወጣት ናት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ሰዎች እየዶለቱብኝ ነው የሚል ታካሚ ሲመጣ ምን እንደሚጻፍ ጥሩነህ ያውቀዋል።

«ትናንት ከቤት ለምን ወጡ?» አለች።

«ኤርፖርት ልሄድ ነዋ! ልጄን ላየው። ብሩኬ አዲስ አበባ ቢሆንም እሁድ እሁድ ሳይደውልልኝ ቀርቶ አያውቅም፤ ይኸው ሦስት እሁድ አለፈ። ይቺን ስጠይቃት ኔትወርክ የለም ትለኛለች። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ከአዲስ አበባ ጋር ስትስቅ ታመሻለች፣ ኔትወርኩ የጠፋው ለኔ ብቻ ነው?»

«ይቺ» ያሏት ጥጉ ላይ የተቀመጠችውን ልጃቸውን ሩሃማን ነው። እማማን ፖሊስ ያገኛቸው ሀይዌይ ዳር፣ በረዶ ላይ፣ በነጠላ ጫማ ሲሄዱ ነበር። እህል ከቀመሱ ሦስት ቀናቸው ነው። የደም ግፊት ኪኒናቸውንም ምን እንደምታስውጡኝ አላውቅም ብለው መልሰዋል።

«ሌላስ?»

«የዕድራችን ሰብሳቢ መጣ። አረፍ በል ስለው እምቢ ብሎ፣ ቆሞ ግንባሬን ስሞኝ ወጣ። ሴቶቹም እንደዚሁ ናቸው። አንዷማ አቅፋኝ አልለቅ አለች። እኔ ምን ሆንኩ?»

ጥሩነህ ትርጉሙን ጀምሮ መሀል ላይ ቆመ። ሩሃማን ዞር ብሎ አያት። ክፍሉ በማሞቂያው ይታፈናል፤ እሷ ግን የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ ዘግታዋለች። በእጅጌዋ ጫፍ ጥቁር ሹራብ ይታያል።

ያኔ ገባው። መርዶ ነው። ሰው ሁሉ አውቆት እሳቸው ብቻ የቀሩበት መርዶ፤ ወዳጅ ዘመድ በማለዳ ተሰብስቦ ደግፎ እስኪያረዳ ድረስ የሚደበቅ። ምስኪኗ እማማ የተጠራጠሩት በሙሉ ልክ ነበር።

በሩሃማ ሊፈርድባት ግን አልቻለም። የራሱን እናት ሞት የሰማው በስልክ መልእክት፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ነው። የማያውቃት ሴት ሶፍት ሰጥታው በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች። ይሄው ዘጠኝ ዓመቱ፣ ዛሬም ያንገበግበዋል።

«ለሰባ ሁለት ሰዓት እዚህ ላቆያቸው ነው» አለች ዶክተሯ። «ለደህንነታቸው። መድኃኒትም እንጀምርላቸዋለን።»

ተረጎመው። እማማ አበራሽ በሆስፒታሉ ቀሚስ ላይ የደረቧትን ነጠላ ሰብሰብ አደረጉ።

«አብደሻል እያለችኝ ነው?»

ይህንንም ተረጎመው። የዶክተሯ እስክሪብቶ የማቆያው ወረቀት ላይ ሳያርፍ ቀረ። ወደ ሩሃማ ዞረች።

«ከመፈረሜ በፊት ልጠይቅሽ። እኔ የእናንተን ልማድ አላውቀውም። እናትሽ የሚሉት ነገር በእናንተ ዘንድ ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆን?»

ጥሩነህ በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሲቆይ ይህን ጥያቄ የጠየቁት ሐኪሞች የአንድ እጁን ጣት አይሞሉም። ወደ አማርኛ ሲመልሰው እያንዳንዱን ቃል ቀስ አድርጎ፣ እማማ በደንብ እንዲሰሙት አድርጎ ተናገረ።

«መልሽላታ» አሉ እማማ ልጃቸውን። «ሩሃማ፣ ምን ነካሽ? ቀና ብለሽ እዪኝ እንጂ!»

ሩሃማ ቀና ማለት አቃታት። መሬት መሬቱን እያየች፣ እናቷ በማይሰሙት እንግሊዝኛ ተናገረች።

«እውነቷን ነው፤ ደብቀናታል። ወንድሜ ሞቷል። በመኪና አደጋ፣ ሦስት ሳምንቱ። ታላቃችን ቅዳሜ ከካልጋሪ ይገባል፤ ሰው ተሰብስቦ ቅዳሜ ማለዳ ልናረዳት ነበር። ብቻዋን እንድትሰማው አልፈለግንም።» ወደ ጥሩነህ ዞረች። «ጋሼ፣ ፕሊዝ፣ ይሄን አትተርጉመው።»

ዶክተር ማያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሳትፈርምበት የቀረችውን ወረቀት ቀስ ብላ በፊቷ ደፋችው።

«ምን አለች?» አሉ እማማ አበራሽ።

ጥሩነህ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

«አንተን እኮ ነው፤ ምን አለች?»

ክፍሉ ውስጥ የተነገረ ሁሉ ይተረጎማል። ጥሩነህ የስንቱን ሰው ሕመም በዚህ አፍ አመላልሷል፤ ይሄን ግን ተቀምጦ መናገር አልሆነለትም። ሳያስበው ከወንበሩ ተነሳ። ሩሃማም ተነሳች። ዶክተሯ ግራ እንደተጋባች ሁለቱን አየቻቸው፤ እሷም ተነሳች።

እማማ አበራሽ በፊታቸው የቆሙትን ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ ተመለከቱ። የሩሃማ ዚፕ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው እዚያው ቀረ።

«አላበድኩም በላት» አሉት ጥሩነህን።

ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ በጣታቸው ጥለቱን ፈልገው አገኙና ዘቅዝቀው ለበሱት።