ምርጊት ላይ ናት

«እንግዲህ ዛሬ መምህሯ እኔ ነኝ፤ ያንቀላፋች ትንበረከካለች!» ትላለች ጂቱ፣ ቀለሙን ሳሕን ላይ እየገለበጠች። ሥዕል የምታስተምራቸው ብርቅዬ ከአዲስ አበባ መምጣት አልቻለችም፤ የቡራዩ መንገድ በድንጋይ ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መንገዱ ላይ የሚነደው ጎማ ጭስ በመስኮቱ ሥር ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ላየው ሰው ዝናብ ያዘለ ደመና እንጂ ክፉ ነገር አይመስልም።

ከባሎቻቸው ዱላ አምልጠው መጠለያው ውስጥ የተሰበሰቡት ስድስት ሴቶች ወረቀታቸውን ወለሉ ላይ ዘርግተዋል። የዛሬው ሥራ ሊኖሩበት የሚመኙትን ቤት መሣል ነው።

«ጥግ ላይ አድርጊው አንቺ፣ ማስተር ፕላኑ አግኝቶ እንዳያፈርሰው!» ትላለች ቢታንያ ለጎረቤቷ። ሳቁ ክፍሉን ይዞራል።

የጂቱ እናት ተረፈች ብቻ አትስቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀቷ ባዶ ነው። ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ከጎኗ አስቀምጣለች፤ ባሏ የላካቸው ሽማግሌዎች አስታርቀው ሊመልሷት ዛሬ ከሆለታ ይመጣሉ።

«መንገዱ እኮ ዝግ ነው እማዬ። ለድንጋዩ ዕድሜ ይስጠው!»

«ይከፈታል። ሽማግሌ ደግሞ እምቢ አይባልም፤ አርፈሽ ተቀመጪ።»

«እሺ፣ እስኪመጡ ሞክሪ። ብሩሽ አይነክስም።»

ተረፈች ብሩሹን ታነሳዋለች። ባሏ የሰበረው ጣት አልታጠፍ ይላታል፤ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ መዳፏን ቡናማው ቀለም ውስጥ ትነክራለች። ከታች ወደ ላይ፣ በግማሽ ክብ፣ ጭቃና ጭድ አቡክታ የገዛ ቤቷን እንደመረገችው ወረቀቱን ትመርገዋለች። ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል፤ ትከሻዋ ይወዛወዛል። ጂቱን እርጥብ ጭድ ይሸታታል።

የጂቱ ስልክ ይጮኻል። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ ኦቦ ጎበና ናቸው።

«አካም ጂቱ! መንገዱ ተከፈተ፣ ኬላው ጋ ደርሰናል። እናትሽን ይዘሻት ውጪ።»

ተረፈች ሰምታለች። ቋጠሮዋን ታያለች፤ እስከ ክርኗ ቀለም የሆኑትን እጆቿን ታያለች።

«ምርጊት ላይ ናት በያቸው። ተጀምሮ አይተውም፣ ይሰነጠቃል በያቸው።»

ጂቱ ቃሏን ሳታጎድል ታደርሳለች። ሽማግሌው ምርጊት የጀመረች ሴት መሐል ላይ እንደማትጠራ ያውቃሉ።

«ብዙ ቀራት?»

ጂቱ ዞር ትላለች። ወረቀቱ አልቋል። እናቷ በጉልበቷ እየሄደች ጠርዙን አልፋ፣ የክፍሉን ነጭ ግድግዳ ከሥሩ መምረግ ይዛለች።

«ኧረ ገና ናት ኦቦ ጎበና» ትላለች ጂቱ። «ቤቱ ሰፊ ነው።»